ከሁለት ጥቁር ዶሮዎች ነጭ ጫጩት፦ ቀለም እንዴት ይወረሳል?

በዚህ ወር የምናወጋው ስለ ዶሮ ነው። ስለ ወጡ አይደለም፣ ስለ ላባው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቻችንና የልጅ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ‹ቶራሻ› የሚባል ትምህርት አላቸው፤ የዘር ውርስ ማለት ነው። ደብተራቸውን ዘርግተው አራት ማዕዘን ይሥላሉ፣ ማዕዘኑን ለአራት ይከፍላሉ፣ በየክፍሉ ፊደል ይጽፋሉ። እኛ ደግሞ አጠገባቸው ቁጭ ብለን እናያለን፤ «ይኼ የእነሱ ዕውቀት ነው፣ እኛ ምን እናውቃለን» ብለን ዝም እንላለን። ልጁም አያቱ የማያውቁትን ነገር የሚማር ይመስለዋል።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። በገጠር ያደገ ሰው ይህን ትምህርት ግማሹን ያውቀዋል፤ ያላወቀው ስሙን ብቻ ነው። የትኛዋ ዶሮ ከየትኛው አውራ ምን ዓይነት ጫጩት እንደምታወጣ ከእናቶቻችን ያላስተዋለ ማን አለ? ጎንደርም ሆነ ትግራይ፣ እናት ዶሮዎቿን የምትለየው በቀለማቸው ነበር። ጥቁሯ፣ ቀይዋ፣ ነጯ ብቻ ብሎ ነገር የለም። ገብስማ አለች፣ ወሰራ አለች፣ እንደ ቆቅ የምትመስል ቆቅማ አለች፣ እንደ ዥግራ ጠቃጠቆ ያላት ዥግርማ አለች። ገበያ ላይም ዋጋው በቀለሙ ይለያይ ነበር፤ ቀዩ አውራ ሲወደድ ጥቁሩ ይረክሳል። ለምግብ ጣዕሙ አንድ ነው፣ ግን ሰው ዓይኑ ይመርጣል።

እንግዲህ ዛሬ ያንን የምናውቀውን ነገር ከልጆቹ ደብተር ጋር እናገናኘው። መጨረሻ ላይ ከዶሮው አልፎ ወደ ሰው ቤት የሚገባ ጉዳይ ስላለው ታግሳችሁ አንብቡት።

ሁለት ፊደል፣ አንድ ከእናት፣ አንድ ከአባት

ነገሩን መጀመሪያ በአተር ላይ ፈትኖ ያወቀው ግሬጎር ሜንዴል የሚባል መነኩሴ ነው። ጽሑፉን ያወጣው በ1866 ነበር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማለት ነው፤ ግን በጊዜው ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ከዚያ በ1902 ዊልያም ቤትሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሕጉ በእንስሳትም ላይ እንደሚሠራ አሳየ። በምን አሳየ? በዶሮ ነው። ስለዚህ ዶሮ በዚህ ትምህርት ትንሽ እንግዳ አይደለችም፤ ከበሩ ጀምራ ያለች ናት።

ሕጉ አጭር ነው። ጫጩት ለእያንዳንዱ ጠባይ ሁለት መልእክት ይቀበላል፤ አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ። ልጆቹ ‹ጌን› ይሉታል፤ በአማርኛ መጻሕፍት ዘረ መል ይባላል። እኛ ለዛሬ ፊደል እንበለው። ወላጆቹም እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ፊደል አላቸው፣ ለጫጩቱ የሚሰጡት ግን አንዱን ብቻ ነው። የትኛውን እንደሚሰጡ አይመርጡም፤ እንደ ዕጣ ነው።

ይህን በእጅ ለማየት ሁለት ጎድጓዳ ሳህን፣ የተቆላ ቡናና ሽምብራ ይበቃል። አንዱ ሳህን አባት፣ አንዱ ሳህን እናት ይሁን። ቡናው ጥቁር ፊደል፣ ሽምብራው ነጭ ፊደል ነው። በየሳህኑ አንድ ቡናና አንድ ሽምብራ አስቀምጡ። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ከየሳህኑ አንዳንድ ያንሳ፤ ያነሳው ጥንድ አንድ ጫጩት ነው። ይመዝግብና ይመልስ፣ እንደገና ያንሳ። አርባ ጊዜ ያህል ቢያደርገው ወደ አሥር የሚጠጋው ቡናና ቡና፣ ወደ ሃያ የሚጠጋው ቡናና ሽምብራ፣ ወደ አሥር የሚጠጋው ሽምብራና ሽምብራ ሆኖ ያገኘዋል። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ። ልጁ በደብተሩ የሚሥለው አራት ማዕዘን የሚናገረው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ፊደሉ ሁለት ከሆነ ላባው ላይ የሚታየው የትኛው ነው? መልሱ እንደ ፊደሉ ዓይነት ይለያያል። ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው መንገድ፦ ሁለቱ ተደባልቀው ሲታዩ

አንዳሉሺያን የሚባል ከስፔን የመጣ የዶሮ ዘር አለ፤ ቀለሙ ግራጫ ነው፣ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል፣ ልክ እንደ ዝናብ ደመና። ይህ ዶሮ የጥቁር ላባን ቀለም የሚያቀጥን ፊደል አለው። ፊደሉ ከሌለ ዶሮው ጥቁር ነው። አንድ ካለ ግራጫ ይሆናል። ሁለት ካለ ደግሞ በጣም ይቀጥንና ነጣ ያለ፣ እዚህም እዚያም ጠቃጠቆ የተረጨበት ይሆናል።

ስለዚህ ጥቁሩን ከነጣ ካለው ብታገናኙ ጫጩቶቹ በሙሉ ግራጫ ናቸው። አንድም ጥቁር፣ አንድም ነጭ አይወጣም። ግራጫውን ከግራጫ ብታገናኙ ግን ከአራቱ አንዱ ጥቁር፣ ሁለቱ ግራጫ፣ አንዱ ነጣ ያለ ይሆናል፤ ያው የቡናና የሽምብራው ቁጥር ነው። ግራጫውን ከጥቁር ብታገናኙ ግማሹ ግራጫ፣ ግማሹ ጥቁር። ግራጫውን ነጣ ካለው ብታገናኙ ግማሹ ግራጫ፣ ግማሹ ነጣ ያለ።

እንግዲህ ግራጫ ብቻ የሚወልድ የግራጫ ዘር ላውጣ የሚል ሰው ዕድሜ ልኩን ይደክማል እንጂ አያገኘውም። ሁሉንም ጫጩት ግራጫ ማድረግ የሚፈልግ ጥቁሩንና ነጣ ያለውን ማገናኘት አለበት። ከመልክ ይልቅ ፊደሉን ያወቀ ሰው ድካሙ ይቀንስለታል የምንለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ፦ አንዱ ሌላውን ሲሸፍን

አሁን ወደሚያስገርመው እንምጣ። ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም።

በንጉሡ ዘመን ‹የፈረንጅ ዶሮ› ተብሎ የገባውን ነጩን ሌግሆርን ታስታውሱ ይሆናል፤ ቀጠን ያለ፣ ብዙ እንቁላል ጣይ ነው። የዚህ ዶሮ ነጭነት ኃይለኛ ነው። አንድ ፊደል ብቻ ይበቃዋል፤ ከጥቁር ዶሮ ጋር ቢገናኝ ጫጩቶቹ ነጭ ይሆናሉ፣ አንዳንድ ጥቁር ጠቃጠቆ ብቻ ይታይባቸዋል። ጥቁሩ ግን አልጠፋም፤ ነጩ ሥር ተደብቋል። እነዚህን ነጫጭ ልጆች እርስ በርስ ብታገናኙ ከአራቱ ወደ ሦስቱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ይወጣል። ደግሞ ይህ ነጭ ጥቁር ቀለምን ሲሸፍን ጎበዝ ነው፣ ቀይን ግን እንደዚያ አድርጎ አይሸፍንም። ለዚህ ነው ከቀይ ዶሮ ጋር ሲደባለቅ ደረቱና ትከሻው ላይ ቀላ ያለ ነገር ብቅ የሚለው።

ሁለተኛው ነጭ ዓይነት ደግሞ ደካማ ነው። ነጭ ሆኖ ለመታየት ሁለቱም ፊደል ያስፈልገዋል። አንድ ብቻ ካለው ዶሮው ባለ ቀለም ነው፣ ነጩ ፊደል ግን ውስጡ ተኝቷል። ይህን ዓይነት ነጭ ከንጹሕ ጥቁር ጋር ብታገናኙ አንድም ነጭ ጫጩት አታዩም። ሁሉም ባለ ቀለም ይሆናሉ። ሰው «የነጩ ዘር ጠፋ» ይላል። አልጠፋም! እነዚያን እርስ በርስ ብታገናኙ ከአራት አንዱ ነጭ ሆኖ ይፈለፈላል። እናቱም አባቱም ጥቁር፣ ልጁ ነጭ። ጎረቤት «የማን አውራ ዶሮ ገብቶ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የማንም አውራ አልገባም። አያቱ ነች የመጣችው።

ታዲያ በእጃችሁ ያለችው ነጭ ዶሮ የትኛው ዓይነት እንደሆነች በምን ታውቃላችሁ? ዓይን አይለየውም፤ ጫጩት ነው የሚለየው። ከንጹሕ ጥቁር አውራ ጋር አገናኟት። ጫጩቶቹ ነጭ ከሆኑ ኃይለኛው ነጭ አላት። ባለ ቀለም ከሆኑ ደካማው ነው። ግማሽ በግማሽ ከወጡ ደግሞ ከኃይለኛው አንድ ፊደል ብቻ አላት ማለት ነው።

ጥቁርና ቀይም እንደዚሁ ነው። ጥቁሩ አብዛኛውን ጊዜ ቀዩን ይሸፍናል፤ ከጥቁርና ከቀይ የሚወጡት ጥቁር ይሆናሉ፣ አውራዎቹ ግን አንገታቸው ላይ ቀይ ወይም ወርቅማ ላባ ያወጣሉ። ያ ወርቅማ አንገት የተደበቀው ፊደል በር ከፍቶ ሲያይ ነው በሉት።

አንገተ መላጣውንም አትርሱ። አገር ቤት ዶሮ መሃል አንገቱ ላባ የሌለው ይታይ ነበር፤ ልጆች ይስቁበታል። እሱም ኃይለኛ ፊደል ነው፤ አንድ ይበቃዋል። አንድ ብቻ ያለው ዶሮ አንገቱ ፊት ለፊት ትንሽ ቁንጮ ላባ ይቀርለታል፣ ሁለት ያለው ግን ያቺ ቁንጮም የለችውም ለማለት ይቻላል። ይህ ዶሮ ሙቀት ይችላል፤ ላባ ያነሰው ሰውነቱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ነው። በእስራኤል በረሆቮት የግብርና ፋኩልቲ ፕሮፌሰር አቪግዶር ካሃነር ይህንን ሲያጠኑ ኖረዋል፤ በ2002 ደግሞ ጭራሽ ላባ የሌለው ዶሮ አሳይተው ዓለም ተነጋግሮበት ነበር። ያ ላባ አልባነት ግን ከአንገተ መላጣው የተለየ ፊደል ነው፤ እንደ ደካማው ነጭ ሁለቱም ፊደል ካልተገናኙ አይታይም።

ሦስተኛው መንገድ፦ ቀለም ከጾታ ጋር ሲሄድ

በሰው ዘንድ ልጁ ወንድ ወይም ሴት እንዲሆን የሚወስነው የአባት ዘር ነው። እናት ሁልጊዜ የምትሰጠው አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለያየው ከአባት የሚመጣው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ስንት እናት «ሴት ብቻ ትወልዳለች» ተብላ ተወቅሳለች? ስንቷስ በዚህ ምክንያት ከትዳሯ ወጥታለች? ወቀሳው በተሳሳተ በር ነበር የሚገባው።

በዶሮ ዘንድ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ወንድ ሴት የምትወስነው ዶሮዋ ናት። አውራው ‹ዜድ› የሚባል ክር ሁለት አለው፤ ሴቷ ግን አንድ ዜድና አንድ ሌላ ትንሽ ክር ነው ያላት። አንዳንድ የቀለም ፊደሎች የተቀመጡት በዚያ ዜድ ላይ ነው። ሴት ጫጩት ዜዷን የምታገኘው ከአባቷ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በእነዚህ ቀለሞች ሴቷ አባቷን ትመስላለች። ወንዱ ከሁለቱም አንዳንድ ያገኛል።

ምሳሌው ይኸውና። እያንዳንዱ ላባዋ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር በአግድም የተሠራባት ዶሮ አለች፤ ገብስማ ብለን ከምንጠራቸው ዓይነቶች ጋር ትመሳሰላለች። መስመሩን የሚሠራው ፊደል ኃይለኛ ነው፣ የሚቀመጠውም ዜዱ ላይ ነው። ይህችን መስመራም ዶሮ ከጥቁር አውራ ጋር አገናኙ። ወንዶቹ ጫጩቶች መስመሩን ከእናታቸው ይወስዳሉ፤ ሴቶቹ ከአባታቸው ጥቁሩን ብቻ። ገና በተፈለፈሉበት ቀን ወንዶቹ አናታቸው ላይ ነጣ ያለ ነጥብ ይታያል፣ ሴቶቹ አናታቸው ጥቁር ነው። ሳያድጉ፣ ሳይጮሁ፣ በመጀመሪያው ቀን ወንዱን ከሴቱ ለያችሁ ማለት ነው። ነገሩን ገልብጣችሁ መስመራሙን አውራ ከጥቁር ሴት ብታገናኙ ግን አይሠራም፤ አውራው ንጹሕ ዘር ከሆነ ወንዱም ሴቱም መስመራም ይሆናሉ።

ሌላው ወርቅማና ብርማ የሚባለው ነው። ቀይ ወይም ወርቅማ አውራ ከብርማ ሴት ጋር ሲገናኝ ሴት ጫጩቶቹ ቀላ ያሉ፣ ወንዶቹ ነጣ ያሉ ቢጫ ይሆናሉ። በሞሻቭ ሉል ውስጥ የምታዩአቸው ቡናማ እንቁላል የሚጥሉ ቀያይ ዶሮዎች አብዛኛዎቹ በዚህ መንገድ ነው በመጀመሪያው ቀን የሚለዩት። ይህን ጥበብ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለእንግሊዝ ገበሬዎች ያቀረበው ሬጂናልድ ፓኔት ነው፤ እህል በጠፋበት ዘመን እንቁላል የማይጥለውን ወንድ ቀድሞ መለየት ትልቅ ነገር ነበር። ልጆቻችሁ የሚሥሉት አራት ማዕዘን የፓኔት ሰንጠረዥ ይባላል፤ ያው እሱ ሰውዬ ነው።

ይህ ጥበብ ግን መራራ ጎንም አለው። እንቁላል ለማምረት ብቻ በተዘጋጀ ዘር ውስጥ ወንዱ ጫጩት እንቁላል አይጥልም፣ ሥጋውም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በብዙ አገር በተፈለፈለበት ቀን ይገደላል። በእኛ ሃይማኖት እንስሳን ያለ ምክንያት ማስጨነቅ ክልክል ነው፤ በእርግጥ ነገሩ ብዙ ሰው ይከነክነዋል። በ2022 መጨረሻ በቮልካኒ ተቋም ዶክተር ዩቫል ሲናሞንና ባልደረቦቻቸው ‹ጎልዳ› የተባለች ዶሮ ማዘጋጀታቸውን ተናገሩ፤ ከእንቁላሏ ሴት ጫጩት ብቻ ነው የሚፈለፈለው፣ ወንዱ ገና በእንቁላሉ ውስጥ ሳለ ማደጉን ያቆማል። ይህም የተሠራው በዚያው የጾታ ክር ላይ ነው። የገብስማዋን ነገር የተረዳ ሰው ይህን የላቦራቶሪ ወሬም ይረዳዋል።

ለመገመት የሚፈልግ የሚጠነቀቀው

ሞሻቭ ያላችሁ፣ ወይም ጓሮ ኖሯችሁ ጥቂት ዶሮ የምታረቡ ትኖራላችሁ። ከልጆቻችሁ ጋር ልትሞክሩት ብትፈልጉ ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ አባቱን እወቁ። ዶሮ ከአውራው ከተለየች በኋላም ዘሩን በሰውነቷ ውስጥ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ታቆያለች። ስለዚህ አውራ ስትቀይሩ ሦስት ሳምንት ያህል ጠብቁ፤ ከዚያ በፊት የተጣለውን እንቁላል ለማስታቀፍ አትጠቀሙበት። አለበለዚያ የፊተኛውን አውራ ልጅ ቆጥራችሁ ሕጉ አልሠራም ትላላችሁ።

ሁለተኛ፣ «ከአራት አንዱ» ማለት «በየአራቱ አንድ» ማለት አይደለም። ዕጣ ነው ብለናል። አራት ጫጩት ብቻ ከወጣ፣ ከሦስት ጊዜ ወደ አንዱ ነጩ ጭራሽ ላይወጣ ይችላል። አሥራ ሁለት ከወጣ ግን ነጭ የሚጠፋው ከመቶ ሦስት ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ብዙ ስትቆጥሩ ቁጥሩ ወደ ሕጉ ይጠጋል።

ሦስተኛ፣ የጫጩት ቀለም የመጨረሻው አይደለም። ጥቁር ጫጩት ሆዱ ስር ነጭ ይኖረዋል፣ ሲያድግ ይጠቁራል። የመጀመሪያው ላባ ወድቆ ሁለተኛው እስኪወጣ ሳትቸኩሉ ጠብቁ። ዶሮ ከማስገባታችሁ በፊት ደግሞ የከተማችሁን ወይም የሞሻቩን የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ፤ ፈንግል አንድ ቀን ከገባ የእናንተን ብቻ ሳይሆን የጎረቤትንም ሉል ባዶ ያስቀራል።

ከዶሮው ወደ ቤታችን

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው፣ ይስባል። ግን የሚስበው ከየት እንደሆነ ዓይን አያየውም። ከሁለት ጥቁር ዶሮዎች ነጭ ጫጩት የሚወጣ ከሆነ፣ ከሁለት ጠይም ወላጆች ቀይ ልጅ፣ ከሁለት ቀይ ወላጆች ጠይም ልጅ ቢወለድ ምን ይገርማል? የሰው የቆዳ ቀለም እንደ ዶሮ ላባ በአንድ ወይም በሁለት ፊደል አይወሰንም። ብዙ ፊደሎች እየተደማመሩ ነው የሚሠሩት፤ ስለዚህ የአንድ እናት ልጆች ራሳቸው አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጠይም፣ አንዱ ጥቁር ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ሁላችንም በየቤታችን አይተነዋል።

እንዲህም ሆኖ በልጅ መልክ ምክንያት ስንት ሐሜት ተሰምቷል! «ይህ ልጅ ከማን ወጣ?» የሚል አንድ ቃል በለቅሶ ቤት ወይም በሠርግ ላይ ሲወረወር፣ ቃሉን የጣለው ሰው ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል፤ ቃሉ ግን እዚያ ቤት ያድራል። ባል ይጠራጠራል፣ ሚስት አንገቷን ትደፋለች፣ ልጅ አድጎ ይሰማዋል። ደግሞ ጋብቻ ሲታሰብ ቀለም አይቶ «የእነ እገሌ ዘር ከወዲያ ነው» የሚል አለ። ይህ ነገር እስራኤል ድረስ ተሸክመነው መጥተናል፣ አንካካድ። ግን መልክ የሰውን ዘር አይናገርም። ዶሮ እንኳ አያቷን ደብቃ ትዞራለች፤ ሰው በቆዳው ሊነበብ እንዴት ይችላል? ልጆቻችን በክፍላቸው ይህንን ሲማሩ፣ በቤታቸው ደግሞ ተቃራኒውን ከሰሙ የሚያፍሩት በእኛ ነው።

በሌላ በኩል አባቶቻችን ትክክል የነበሩበትንም ለልጆች እንንገራቸው። ሰባት ቤት መቁጠር! በጋብቻ ጊዜ ሽማግሌ ተቀምጦ በእናትም በአባትም እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጥራል፤ ከተገናኘ ጋብቻው ይቀራል። ወጣቶቹ ይህንን የድሮ ልማድ ብቻ አድርገው ሊያዩት ይችላሉ። ሒሳቡን ግን እንየው። አንድ ቅድመ አያት አንድ የተደበቀ የበሽታ ፊደል ነበረው እንበል፤ እንደ ደካማው ነጭ፣ ሁለት ካልሆነ የማይታይ። ፊደሉ ወደ ልጅ የመድረሱ ዕድል ግማሽ ነው፣ ወደ ልጅ ልጅ ሩብ። የሁለት ወንድማማች ልጆች ቢጋቡ፣ ከአንዱ አያታቸው የመጣ ያ ፊደል በሁለቱም ላይ የመገኘቱ ዕድል ከ16 አንድ ነው። ሰባት ትውልድ ላይ ግን ለእያንዳንዳቸው ከ128 አንድ ይደርሳል፤ ሁለቱም ላይ የመገኘቱ ከ16,384 አንድ። ሽማግሌዎቹ ፊደሉን አያውቁትም ነበር፣ መራቁ ግን እንደሚበጅ አውቀዋል።

ሰባት ቤት መቁጠር ግን ሁሉንም አይከላከልም። ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ጤነኛ ሰዎችም አንድ ዓይነት የተደበቀ ፊደል ይዘው ሊገናኙ ይችላሉ። ያኔ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመሙ ዕድል ከአራት አንድ ነው፤ ያው የዶሮው ቁጥር። የመጀመሪያው ልጅ ታሟልና ሁለተኛው ይተርፋል ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያው ደህና ነውና ሁለተኛውም ደህና ነው ማለትም አይደለም። ዕጣው በየጊዜው እንደ አዲስ ነው። ለዚህ ነው በእስራኤል የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ባልና ሚስት ከእርግዝና በፊት ወይም በእርግዝና መጀመሪያ የሚያደርጉትን የዘር ምርመራ የሚያዘጋጀው። የደም ምርመራ ነው። ልጆቻችሁ ሊያገቡ ሲሉ ወይም ልጅ ሲያስቡ «ቁፓት ሆሊም ሄዳችሁ ጠይቁ» በሏቸው። የተደበቀ ፊደል ተገኘ ማለት ሰውየው ታሟል ማለት አይደለም፣ ዘሩ መጥፎ ነው ማለትም አይደለም። ሁላችንም አንዳች የተደበቀ ነገር ይዘን ነው የምንዞረው። ተሸካሚ መሆን ነውር ስላልሆነ ጋብቻ ለማፍረሻም ሐሜት ለማድመቂያም አይሁን፤ ከሐኪም ጋር መክሮ ለመዘጋጀት ነው።

ከልጆች ጋር የምትሠሩት

በአንድ የአዘቦት ምሽት፣ ከእራት በኋላ፣ ልጁ ወረቀትና እርሳስ ይያዝ፣ እናንተ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁት። እሱ በሰንጠረዥ ይሥራ፣ እናንተ በቡናና በሽምብራ ሥሩ፤ ማን ቀድሞ እንደሚያገኘው ይታያል።

አንድ፦ ግራጫ አንዳሉሺያን ከጥቁር ጋር ተገናኝቶ አሥር ጫጩት ቢወጣ፣ ስንቱ ግራጫ ይሆናል ተብሎ ይገመታል? አምስት ያህሉ።

ሁለት፦ ደካማውን ነጭ በውስጣቸው የደበቁ ሁለት ጥቁር ዶሮዎች ተገናኙ። ነጭ ጫጩት የመውጣቱ ዕድል ስንት ነው? ከአራት አንድ። ጥቁር ሆነው ከወጡት ልጆች መሃልስ ነጩን ፊደል የደበቁት ስንቶቹ ናቸው? ከሦስት ሁለቱ። ይህችኛዋ ትልቁንም ልጅ ታሳስታለች።

ሦስት፦ አናቱ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው ጥቁር ጫጩት፣ እናቱ መስመራም፣ አባቱ ጥቁር ከሆነ፣ ወንድ ነው ሴት? ወንድ።

ልጁ ሦስቱንም ከመለሰ፣ አሁን ተራው የእናንተ ነው። በመንደራችሁ የነበሩትን የዶሮ ቀለሞች ስም በአማርኛ ወይም በትግርኛ ንገሩት፤ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ቆቅማ፣ ዥግርማ እያለ ይጻፋቸው። እነዚህ ስሞች በደብተሩ ውስጥ የሉም፤ ከእናንተ ካልሰማ ከማንም አይሰማቸውም።

እስከሚቀጥለው ወር ሰላም ሁኑ።